ከኤልድሪድ ክንድ

ይድረስ ከወሽመጡ ማዶ ለምትኖሪው ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ቤትሽ፣ ባልሽ፣ ከብትሽ ሁሉ ደህና ነው ወይ? የባልሽ የጉቶርም ወገብ ብርድ ሲገባ እንደሚብስበት አውቃለሁ፤ በበግ ቆዳ ጠቅልለሽ እሳት አጠገብ አስተኚው፣ በርሜል አንሥቼ ካላሳየሁ ቢልሽ እንዳትሰሚው። የልጅ ልጅሽ የጉንቮር ክንድስ ደረቀ? ቅርፊቱ ራሱ እስኪወድቅ ማንም አይነካካው፤ ምራትሽ ችኩል ናት። እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድንቼን አስገብቻለሁ። ላሚቱ ወተት እየቀነሰች ነው። ፀሐይም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የእኛን ዳር ተሰናብታ ሄዳለች። እንግዲህ እስከ የካቲት ድረስ በአንቺ መስኮቶች ላይ ስታበራ እዚህ ጥላ ውስጥ ሆኖ ማየት ነው። ዘንድሮ ስንት መስታወት እንዳለሽ ቆጥሬያለሁ። አሥራ አራት ነው።

መቅዘፊያ ይዤ ብነሣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደጅሽ እደርስ ነበር፤ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ይገርምሽ ይሆናል። ፊት ለፊት ስንተያይ አፌ ይቀድመኛል፣ ባለፈው ወር በጀልባ ማረፊያው ያየሽው ነው። ወረቀት ግን ይታገሣል፤ የጻፍኩትን ሰርዤ ደግሜ እጽፍበታለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ዐይንሽ ቢያስቸግርሽም ለሌላ ሰው አትስጪ፤ ከአሥራ አራቱ መስኮቶችሽ አንዱ ጋ ቆመሽ በቀስታ ተወጪው።

ከዚያ እሑድ ልጀምር። ከጸሎት ወጥተን ሰው ሁሉ ጀልባው ጋ እንደቆመ፣ ታላቁ ልጅሽ ታራልድ በርሜል ላይ ተቀምጦ ስለ በርገን ያወራ ነበር። ከተማው በፈንጣጣ ተይዟል። «ጭነት የሚያወርድ ሰው ጠፍቷል» አለ፤ «ግማሹ ታሟል፣ ግማሹ በሩን ዘግቷል። ዛሬ ቅቤና ዓሣ ይዞ የደረሰ የጠየቀውን ይከፈለዋል። ወደቡ ላይ ደግሞ የክትባት ወረቀት የሌለውን አያወርዱም፤ ይሄ ለእኛ ነው የተመቸው።» ጉቶርምም እንደ ልማዱ ቀልዱን ጣል አደረገ፤ «የሌላ ደብር ሰው ጠባሳውን ፊቱ ላይ ይዞ ይዞራል፣ እኛ ክንዳችን ላይ ደብቀን እንነግዳለን» አለ። ሰዉ ሳቀ። ታራልድ ወደ ልጄ ወደ ሹር ዞሮ «አንተስ ጎረምሳው? አምስተኛ ቀዛፊ ጎድሎኛል፤ ሙሉ ድርሻ አለህ» አለው።

የሹርን ፊት አይተሽዋል። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሙሉ ድርሻ አለህ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያኔ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ተናገርሽ። «ሹር ይቅር። ድንቼን ማን ያወጣልኛል?» አልሽ።

እህቴ፣ ያን ጊዜ ዐይኔ ደም ለበሰ። የተናገርኩትን ሁሉም ሰምቷል፣ አንቺም አትረሺውም፤ ቢሆንም በእጄ ጽፌ ልየው። «ልጆችሽ ብር ሲያፍሱ የእኔ ልጅ ድንችሽን ይቆፍር? እነዚህ ሦስት በሬዎችሽ ዛሬ ቆመው የሚሄዱት በማን ክንድ ነው? በኤልድሪድ ክንድ አይደለም? ለመሆኑ አንድ ቀን እግዜር ይስጥልኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?» አልኩ። ቀጥዬም «ልጄ ይሄዳል። እኔ እናቱ ብያለሁ፣ ይሄዳል» አልኩ። ፊትሽ እንደ አይብ ነጣ። «እትዬ፣ ተይ» ብቻ አልሽ፣ በቀስታ። ያፈርሽ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወደ ቤቴ ስቀዝፍ ልቤ ቀልሎ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ያነቀኝን አጥንት የተፋሁ ያህል ተሰማኝ።

ያ አጥንት ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግን በእኔ በኩል ሆነሽ አይተሽው አታውቂም።

ባሌ አንፊን ያኔ ደወል ደዋይና የልጆች አስተማሪ ነበር፤ ደብሩ ሁሉ የኔታ ይለው ነበር። ያልተከተበ አይቆርብም፣ ያልተከተበ አያገባም የሚለው የንጉሡ ትእዛዝ ሲመጣ የመከተቢያውን ስለት ለእሱ ሰጡት። የአውራጃው ሐኪም የከብት ፈንጣጣውን ውኃ በሁለት መስታወት መሐል አድርቆ፣ በሰም አሽጎ ላከለት። አንፊን ስድስት ልጆች ከተበ። በአምስቱ ላይ ሳይዝ ቀረ። የያዘው በእኛዋ ልጅ በኤልድሪድ ክንድ ላይ ብቻ ነበር፤ ሁለት ዓመቷ ነበር። በስምንተኛው ቀን ክንዷ ላይ አንዲት ጥርት ያለች ውኃ የቋጠረች እብጠት ወጣች። አንፊን እንደ ዕንቁ አያት። «ዛሬውኑ ወደ ሌላ ልጅ ካልተሻገረ ይሞታል» አለኝ፤ «ለደብሩ ሁሉ ያለን ይቺ ብቻ ናት።»

ሌሎች እናቶች የልጃቸው ክንድ እንዳይነካ እንዴት ይከራከሩ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከልጄ ክንድ ዕድሏን ትቀዱታላችሁ ይሉ ነበር። እኔ ግን የየኔታ ሚስት ነኝ፤ ምን እላለሁ? ኤልድሪድን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያዝኳት። አንቺ ቀድመሽ መጣሽ፤ ታራልድና ሐልቫርድ በእግራቸው፣ አይሊቭ ደረትሽ ላይ። አንፊን የስለቱን ጫፍ እብጠቷ ውስጥ ነክሮ ወደ ልጆችሽ ክንድ፣ ደግሞ ነክሮ ወደ ጎረቤት ልጆች። ዘጠኝ ልጆች ነበሩ፣ በሁለት በሁለት ክንድ። እስከ ስድስተኛው ልጅ ድረስ ዝም ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። ማልቀስ እንኳ አላለቀሰችም፤ አየችኝ ብቻ። ሁሉም ልጁን ጠቅልሎ ሄደ። አንቺም ሄድሽ። ክንዷ ብዙ ስለተነካካ መግል ያዘ፣ ሦስት ሳምንት በትኩሳት ተኛች። ሰው ሲታመም ገንፎ በቅቤ ይዞ መጠየቅ የዚህ አገር ወግ ነው። ከዘጠኙ ልጆች ቤት አንድ ሰው ገንፎ አላመጣልኝም። ከአንቺም ቤት።

ኤልድሪድ ዳነች፣ አውራ ጣት የምታህል ጠባሳ ብቻ ቀረባት። ከዚያም በስድስት ዓመቷ፣ መጋቢት ላይ፣ የወሽመጡ በረዶ ከእግሯ ሥር ከዳት። ቀባሪዎቹ መሐል ሦስቱ ልጆችሽ ነበሩ፤ ጉንጫቸው በብርዱ ቀልቶ፣ ጤናቸው ከፊታቸው ይፈስ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሬሳ ሳጥኑን ሳይሆን ክንዳቸውን ነበር የማየው።

ሹር ያኔ በጡት ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላው አንፊን ለፀደዩ ክትባት ስለቱን ሲስል «ከዚህ ቤት ክንድ ተሰጥቷል፣ ይበቃል» አልኩት። ልጄን አዝዬ ወደ ተራራው ግጦሽ ወጣሁ፤ ክትባቱ እስኪያልቅ አልወረድኩም። ስመለስ አንፊን መዝገቡን ገልጦ ተቀምጧል። ሁሉም ልጆች ተጽፈዋል፣ የሹር መስመር ባዶ ነው። ብዙ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያም ብዕሩን ነክሮ ጻፈ፤ ሹር የአንፊን ልጅ፣ ተከትቧል፣ በሚገባ ይዟል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ሌላ ውሸት የለም። እስከ ቅዳሜ ድረስ አላናገረኝም። ከዚያ በኋላም ነገሩን አንሥቶት አያውቅም፤ ሊሞት ሲል ብቻ «የሹርን ነገር» ብሎ ጀመረና ሳል አቋረጠው። «አውቃለሁ» አልኩት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሹር ስድስት ዓመት ሲሆነው በሽታው መጣ። ዓሣ ከሚገዛው መርከብ አንድ መርከበኛ ታሞ በጀልባ ቤታችሁ አስተኙት፤ እዚያው ሞተ። ፈንጣጣው ግን ከዚያ ወዴት ይሂድ? ያስታመመው ጉቶርም በልጅነቱ ወጥቶለታል። ልጆችሽ ተከትበዋል፣ ጎረቤቱ ተከትቧል፣ ሠራተኛው ተከትቧል። በር ሲያንኳኳ ቆየና የሚከፍትለት አጥቶ ጠፋ። ከተራራው ባሻገር፣ ልጆቻቸውን ከከታቢው ደብቀው ባሳደጉት ደብር፣ በዚያው በጋ የሆነውን አይተናል። ድርቆሹ የሚያጭደው ጠፍቶ ቆሞ በሰበሰ። ላሞች የሚያልባቸው አጥተው ጡታቸው ተወጥሮ ሲጮኹ እዚህ ድረስ ተሰማ ይባላል። ከዚያ በኋላ ከዚያ ደብር ቅቤ የሚገዛ አልተገኘም። እዚያ ሊሠራ የነበረውንም ትልቁን የዓሣ ጨው ቤት፣ ዓሣው በጨው የሚታሽበትን፣ ነጋዴው አንሥቶ የት አመጣው? አንቺ ደጅ።

ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ጉቶርም ባዶ የቀሩትን ማሳዎች ተከራየ። የሚያርስለት ስድስት ጤነኛ ክንድ ነበረው። አዲስ ጣሪያ መጣ፣ አዲስ ጀልባ መጣ፣ መስታወት መጣ። ምሽት ላይ መብራትሽ ሲበራ ይቺ መስኮት የኤልድሪድ ናት፣ ያቺም የኤልድሪድ ናት እላለሁ። የእኔ ልጅ ዘር ሆና ተዘራች፣ አንቺ አጨድሽ። ይህ ኃጢአት እንደሆነ ቄሱ ነግረውኛል። እኔም ሳይነግሩኝ አውቀዋለሁ፤ አውቆ መተው ግን ሌላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ የሹር ነገር ነበር። በየዓመቱ፣ በበጋው ማለቂያ፣ የዓሣ መርከቦች መጥተው በጨው ቤቱ ፊት መልሕቅ ሲጥሉ፣ ያን ቀን ከአንቺ መልእክት ይመጣል። «ሹርን ላኩልኝ፣ ተራራው ላይ አጥር የሚጠግን አጣሁ።» «ሹርን ላኩልኝ፣ የላይኛው ጎጆ ድርቆሽ ዝናብ ሊመታብኝ ነው።» የአገሩ ጎረምሳ ሁሉ መርከብ እያራገፈ ገንዘብ ሲያገኝ የእኔ ልጅ ተራራ ላይ ለአክስቱ አጥር ይቸነክራል። ስንቅና ካልሲ ሰጥተሽ ትመልሺዋለሽ። የእህቷን ልጅ ሎሌ አደረገችው እያልኩ ስንቱን ዓመት አንጀቴ አረረ። እሑድ ዕለት ድንቼን ማን ያወጣልኛል ስትይ የፈነዳው ይህ ሁሉ ነው።

አሁን ደግሞ ከእሑድ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ ይህን አታውቂውም።

ሹር እያፏጨ ቦት ጫማውን የዓሣ ዘይት ይቀባል። የአባቱን ሳጥን አውርዶ ልብሱን ይከታል። «እማዬ፣ ወረቀቴ የት ነው?» አለኝ። የክትባቱን ወረቀት፣ በአንፊን እጅ የተጻፈውን፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አውጥቼ በዚህ እጄ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ምን ልበለው? አባትህ ዋሽቷል ልበለው? ይህን ቤት ደብሩ የሰጠኝ በአንፊን ስም ነው፤ ሰው ዛሬም ስሙን ሲጠራ ባርኔጣውን ያነሣል። ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ሹር ከቀረ በሰው ሁሉ ፊት ይሄዳል ያልኩትን መዋጥ አለብኝ፤ አንቺም ትሰሚያለሽ። እህቴ፣ ልጄን ከማጣት ይልቅ በአንቺ ፊት ማፈርን ፈራሁ።

ሰኞ ጀልባው ሊነሣ ነበር። አልተነሣም። ከመስኮቴ ሆኜ በጀልባ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሸራውን ጭንሽ ላይ ዘርግተሽ ተቀምጠሽ አየሁሽ፤ ወንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ዙሪያሽን ቆመዋል። ሹር ከማዶ እያጉረመረመ ተመለሰ። «የሸራው ስፌት ተተርትሯል አሉ። አክስቴ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም ብላለች። በዚህ አሰፋፏ ገና ድረስ እዚሁ ነን» አለ። ያ ሸራ ዘንድሮ በፀደይ የተሰፋ አዲስ ሸራ ነው። በእሱም ቀንቼ ስለነበር በደንብ አውቀዋለሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ የሌላ ደብር ጀልባዎች በፊታችን አልፈው ወደ ከተማ ወረዱ። ሐሙስ ብቻሽን ቀዝፈሽ መጣሽ።

ጉንቮር በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጡትሽ ሥር ነበረች። ከእሑድ ወዲህ አልተነጋገርንም፤ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ገብተሽ ተቀመጥሽ፣ ልጅቷን ፈታሽና «ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው» አልሽ። ክንዷ ላይ እብጠቷ ጥርት ብላ ቆማለች። «የአንፊን ስለት አለሽ አይደል?» አልሽ፤ «እጅሽ ሥራውን ያውቃል። እኔ ልጅቷን እይዝልሻለሁ።» መልስ ሳትጠብቂ በመስኮቱ ሹርን ጠራሽ። እንጨት ይፈልጥ ነበር።

«ና እስቲ ጎረምሳው፣ እጅጌህን ሰብስብ» አልሽው። «አባትህ የከተበህ ድሮ ነው። ክትባትም እንደ ጫማ ያልቃል እያሉ ነው አሁን። ከተማ ለሚሄድ መድገሙ ደግ ነው።»

«አክስቴ ደግሞ! እኔ ሕፃን ነኝ?» አለ።

«ከሕፃንም ትብሳለህ። ጉንቮር ስትከተብ አላለቀሰችም፤ ያንተን እናያለን።»

እየሳቀ እጅጌውን ሰበሰበ። «የእኔማ ጠባሳዋ እንኳ ጠፍታለች፤ አባዬ አሳዝኜው በስሱ ጭሮኝ ይሆናል» አለ። ክንዱ እንደተላጠ እንጨት ልሙጥ ነው። ሰው እንዲህ ሲባል ዞር ብሎ ያያል። አንቺ አላየሽም። በመስኮቱ ወደ ወሽመጡ እየተመለከትሽ «ቶሎ በይ እትዬ፣ ንፋሱ ሳይነሣ ልመለስ» አልሽ።

ስለቱን በእሳት አሳለፍኩት። ጫፉን ከጉንቮር ክንድ ነክሬ ወደ ልጄ ክንድ ወሰድኩ፤ ሁለት ጊዜ በቀኙ፣ ሁለት ጊዜ በግራው። ጉንቮር አለቀሰች፤ ጣትሽን አፏ ውስጥ ከተትሽላት። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ይህ ውኃ ከኤልድሪድ ወደ ታራልድ፣ ከታራልድ ወደ ወፍጮ ጠባቂው ልጆች፣ ከእነሱ ደግሞ ወደማላውቃቸው፣ ከክንድ ወደ ክንድ ሲሻገር ሃያ አምስት ዓመት ኖሮ ነው ወደ ጉንቮር የደረሰው። በየዓመቱ አንድ ሕፃን ጭን ላይ ተይዞ ለሚቀጥለው ሰጥቷል፤ እናቱም ይዛዋለች። የሰጠሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነበር የማምነው።

ልጅቷን ጠቅልለሽ ተነሣሽ። አልቆየሽም፣ ምንም አልቀመስሽም። በሩ ላይ እግዜር ይስጥልኝ ልልሽ ፈለግሁ፤ አልወጣ አለኝ። እኔም አላልኩሽም፣ ታዪዋለሽ።

የሸራው ስፌት ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። የሹር ክንድ አብጦ፣ ሁለት ቀን አተኩሶት፣ ቅርፊት ሲይዝ ሸራሽም አለቀ። ጀልባው ሲደርስ ከሌላ ደብር የሄዱት ሸጠው ጨርሰው፣ ዋጋው ወርዶ ነበር። ታራልድ «በእናቴ መርፌ ግማሹ ትርፋችን ባሕር ገባ» እያለ ለሚያገኘው ሁሉ ያወራል። ጉቶርም ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ሚስቴ የምትሰፋው የእኔን ከፈን ቢሆን ኖሮ መቶ ዓመት እኖር ነበር» ብሎ ሲያስቅብሽ ሰምቻለሁ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ። ዳር ቆሜ አየሁሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ተመለሱ። ሹር ደህና ነው፤ ከስቷል እንጂ ደህና ነው። በሽተኛ ከተኛበት ቤት ሳይቀር በርሜል ያወጣ እንደነበር ነገረኝ። ከተራራው ባሻገር የመጡ ሁለት ቀዛፊዎች የሰው ወረቀት ተውሰው ገብተው፣ እዚያው ከተማ ተቀብረዋል። «አንደኛው ከጎኔ ነበር የሚተኛው፤ ዘፈን ያውቅ ነበር» አለና ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ። እኔ ላሚቱን ልይ ብዬ ወጣሁ። ብዙ ቆየሁ።

በጋጣው ውስጥ ቆሜ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፍልሽም። ሹር ትንሽ ሳለ የገና ዋዜማ በገንዳ የምታጥቢው አንቺ እንደነበርሽ አስታወስኩ፤ የእኔ እጅ ከኤልድሪድ በኋላ ውኃ ያለበት ነገር ውስጥ ልጅ ማስገባት እምቢ ብሎ ነበር። ጀርባውንና ያን ልሙጥ ክንዱን እያሸሽ ስትዘፍኚለት እሰማ ነበር። የላይኛው ጎጆ አጥርም ትዝ አለኝ፤ አንድ አጥር በየዓመቱ፣ ያውም መርከብ በመጣ ቁጥር፣ እንዴት ይሰበራል? ድንቹም ትዝ አለኝ። አልጠይቅሽም። አንቺም አትንገሪኝ። ብትነግሪኝ እንዴት ብዬ ዐይንሽን እንደማየው አላውቅም። በአንፊን መዝገብ ያለችው መስመርም ዛሬ እውነት ሆናለች፤ የተሳሳተው ዓመቱ ብቻ ነው።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ቦታውን ለወጠ እንጂ አልለቀቀኝም። ድሮ በመስኮቶችሽ እቀና ነበር፤ አሁን በዝምታሽ እቀናለሁ። እኔ አንድ እሑድ ሙሉ አፌን መዝጋት ያቃተኝ ሴት ነኝ። አንቺ ግን ስንት ዓመት! ደግነቱን እንኳ ቀድመሽ ወሰድሽብኝ፤ ለእኔ ምን ተረፈኝ?

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሹር በድርሻው ከከተማ ሁለት የሱፍ ሻርፕ ገዝቶ መጥቷል። የእኔ ግራጫ ነው፤ ወፍራም፣ ጥሩ፣ የሚያሞቅ። የአንቺ ሰማያዊ ሆኖ ዳር ዳሩን በቀይ አበባ የተጠለፈ ነው። «ለምንድን ነው የእሷ የበለጠው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እማዬ፣ ያ ደማቅ ነው፤ አንቺ አትለብሽውም ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ይሆናል። አድርሺላት ብሎ ሰጥቶኝ አራት ቀን ሙሉ ሳጥኔ ውስጥ ደበቅሁት። ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ሁለት ጊዜ ለበስኩት፤ በውኃው ባልዲ ውስጥም ራሴን አየሁ። ያምርብኛል። ይህን እወቂልኝ።

ባዶ በርሜሎቹን ሊወስድ የመጣው ሐልቫርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያመጣልሻል። ጥጉ ላይ የላም ሽታ ካለው ከእኔ ነው። እሑድ ለብሰሽው ነይ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤተ ክርስቲያን በየዳሩ ተቀምጠን ሰው ሲያየን ከርሟል። ፊት ለፊትሽ ከተቀመጥኩ ዐይኔ ከሻርፑ ላይ አይነሣም፤ ስለዚህ ከጎንሽ እቀመጣለሁ። ቦታ ያዢልኝ።

እግዚአብሔር የልጆችሽን ጀልባ ከማዕበል፣ የጉንቮርን ዕድሜ ከአጭር ቀን ይጠብቅልሽ። የጉቶርምን ወገብ ያጽናልሽ። ክረምቱን በብርሃን ያሳልፍሽ፤ ለእኛም ዳር ትንሽ ይትረፍልን።

ታላቅ እህትሽ